ብልቃጡ ይከፈት

ምስጢሯን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩን የሚያወሩት ሌሎች ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ እናቴ ላይ ይደፈድፉታል። እናቴ የበኩሏን አድርጋለች፤ በሩን የከፈትኩላት ግን እኔ ነበርኩ።

ዋርሳዬ፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ማለቴ ነው፣ ከእኔ ጋር አንድ ስፌት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቤቱ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው። አሥራ ስምንት መኪና በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ የካውያ ክፍሉ አለ። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። እዚያ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው የለም። አለቃችን የልኬት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ስለማያውቅ «ሜትሮ» ነው። እሷን ደግሞ ቅጥነቷንም ምላሷንም አይተው «መርፌ» አሏት። የእኔን ባልነግራችሁ ይሻላል።

መርፌ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ልትጨርስ ስትል አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ክትትል አርፍዳ መጣች። ለምሳ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮው ደረጃ ወሰደችኝ። የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ደሜ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኘ» አለችኝ። «ሄፓታይተስ ቢ ይባላል።»

«የወፍ በሽታ?»

«ሰው እንደዚያ ይለዋል። ምነው፣ ክንፍ አወጣሁ እንዴ?»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። እሷ አዋላጇ ነርስ የነገረቻትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። በደም ይተላለፋል፣ በባልና ሚስት ግንኙነት ይተላለፋል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስትወልድ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ትልቅ ሰው ሲይዘው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ታግሎ ያባርረዋል፤ ጨቅላ ሲወለድ ከያዘው ግን አብሮት ያድጋል፣ ከዓመታት በኋላ ጉበቱን ይበላዋል። መድኃኒቱ ክትባት ነው። ልጁ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከተወጋ፣ ቫይረሱ በደሟ በርክቶ ከተገኘም እሷ ከሰባተኛ ወሯ ጀምሮ ኪኒን ከወሰደች፣ ልጁ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው።

«ፈርተሻል?» አልኳት።

«በጣም። ግን ፍርሃቴን ቁጭ ብዬ የማስታምምበት ጊዜ የለኝም። የቀረኝ አራት ወር ነው።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ለባሌ ዛሬ እነግረዋለሁ። ለእማማ ደግሞ እኔው ራሴ፣ ቀን መርጬ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

«ሞቼ ነው!» አልኳት። መሞትማ አልሞትኩም።

የምንኖረው አራታችን አንድ ላይ ነው፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ መርፌና እኔ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ መርፌ ሾርባዋን አጋምሳ ተወችውና ባሏን ይዛ ወደ ክፍላቸው ገባች። እናቴ ምግብ ሲደፋ ማየት አትወድም። ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ ማንኪያውን አነሳች።

«ተዪው!» ብዬ ጮህኩ።

በዚያች ቅጽበት የነርሷን ቃል ረስቼው አልነበረም። ሾርባ እንደማያስተላልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አምኛለሁም። እጄ ግን ከጭንቅላቴ ቀድሞ ሳህኑን ነጠቀ። ፍርሃት እንደዚህ ነው፤ እውቀትን ጥሎ ይሮጣል።

እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ምን አለበት?» አለች። እናቴ ነገር ስታወጣጣ ባቄላ የምትፈለፍል ነው የምትመስለው፤ አትቸኩልም፣ ግን አንድ ፍሬ አታስቀርም። አልጋዬ ውስጥ ስገባ በሆዴ የቀረ አንድ ቃል አልነበረም።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ማዕድ ቤት ስገባ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ከተሰቀሉት ኩባያዎች አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የመርፌ ኩባያ ነው። ክሩ ከእኔው የስፌት ሳጥን የወጣ ነበር። ልፈታው እጄን ስዘረጋ እሷ ከኋላዬ ገባች።

ኩባያውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማን እንደነገራት አልጠይቅም» አለች። የስፌት ሳጥኔን ከመደርደሪያው አወረደች፣ የቀዩን ክር ድውር አወጣች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከዚያ የሁላችንንም ኩባያ እየተቀበለች እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስር ጀመር። ማንኪያዎቹን አሰረች። ሳህን እጀታ ስለሌለው ዙሪያውን ጠመጠመችው። የድስቱን ክዳን፣ የማሰሮውን ጆሮ፣ የበሩን እጀታ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የእናቴ መነጽር እግር እንኳ አልቀረም።

እናቴ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ብቅ አለች። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምልክት እያደረግሁ ነው እማማ። የእኔ የሆነውን ሁሉ። እዚህ ቤት ውስጥ የእኔ ያልሆነ ዕቃ ካለ ይንገሩኝና እፈታዋለሁ።»

«እኔ ለልጄ ብዬ ነው!»

«እኔም ለልጄ ብዬ ነው» አለች መርፌ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ እየቆረጠች።

ወንድሜ ፊቱን ሳይታጠብ መጣና ክር የታሰረበትን ኩባያ አንስቶ ሻይ ቀዳ። ነገሩ ገብቶት ሳቁ አመለጠው። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። «አንተ ደግሞ አትሳቅ። ነገ ሄደህ ትመረመራለህ።» ሳቁ እዚያው ቆመ።

ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ላይ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። አላስጨረሰችኝም።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመልጣል ይባላል። ያመለጠው ያንቺ አፍ፣ የመለጠው የኔ ራስ» አለች። «ይቅርታሽን በኋላ እሰማዋለሁ። አሁን የምፈልገው ከጎኔ የሚቆም ሰው ነው። እማማ ለጎረቤት ሳትነግር አትውልም፤ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ የምትሠራው ካውያ ክፍል ነው።»

በዚያ ሰሞን ቤታችን እንደተወጠረ ገመድ ነበር። እናቴ ልጇ በሌለበት «ከየት አመጣሽበት?» ትላታለች። መርፌ «ሲመረመር እንነጋገራለን» ብላ ታልፋለች። ወንድሜ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ሥራ በዛ፣ አንድ ቀን ጣውላ መጣ፣ አንድ ቀን «ራሴን አመመኝ» አለ። አናጺ ነው። በአራተኛው ቀን መርፌ ለምሳ በወጣንበት ሰዓት ቀጥ ብላ ወደ ሥራ ቦታው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። የበር ጣውላ እየላገ አገኘነው። ሰላም እንኳ ሳትለው የሚልገው ጣውላ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ከነሆዷ።

«ተነሺ እንጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ልጅ እየሠራሁ ነው። ከፈለግህ ዙሪያዬን ላገው።»

ጓደኞቹ መጋዛቸውን አጥፍተው ያዩ ጀመር። ወንድሜ ከፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ እያራገፈ ጫማውን ቀየረ።

ተመረመረ፤ ውጤቱ ቫይረሱ በእሱም ደም ውስጥ እንዳለ አሳየ። ሲመለሱ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ወንድሜ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና እንደ ልጅነቱ እጁን ጉልበቷ ላይ አደረገ።

«እማዬ፣ እኔም አለብኝ።»

«እሷ ናታ! አልኩ፣ አላልኩም?»

«አይታወቅም። ሲስተሯ ማን ለማን እንደሰጠ በምርመራ አይለይም አለችን። እኔ ሕፃን ሆኜ ሊይዘኝ ይችላል። ስወለድም ሊሆን ይችላል።»

እናቴ ምስሩን መልቀም አቆመች። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ገልብጣ መዳፎቿን ለረጅም ጊዜ አየች። መርፌ «አዩ አይደል!» ትላታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አማቷን አልፋ ወደ ማዕድ ቤት ገባችና ውኃ ቀድታ አመጣችላት። በማግስቱ ክሮቹ ሁሉ ተፈትተዋል። ማን እንደፈታቸው አላየሁም።

ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ የወጣ ወሬ ደግሞ ክር አይደለም፤ አይፈታም። ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤት ስንገባ የመርፌ መኪና ቦታው ላይ የለም። ከአዳራሹ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጧል። አሥራ ስድስት ሴቶች አቀርቅረው ይሰፋሉ። እንደዚያን ቀን ጎበዝ ሆነው አያውቁም።

ሜትሮ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፣ ፈሪ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። «ለራስሽ ብዬ ነው» አለ። «እዚህ ነፋስ አለ። እንዲያውም እስክትወልጂ ቤትሽ ብታርፊ ምን ይመስልሻል? ሠራተኞቹም እየተጨነቁ ነው።»

«ለራሴ ከሆነ እኔው ልወስን። ጤነኛ ነኝ፣ መሥራት እችላለሁ። ነርሷም ሥራ አልከለከለችኝም።»

«አሻፈረኝ ካልሽ እንግዲህ…»

«እንግዲህ ምን? ሊያሰናብቱኝ ነው? ጥሩ። በጽሑፍ ይስጡኝ። ምክንያቱን ይጻፉበት፣ ይፈርሙበት፣ ማኅተም ያድርጉበት። ወረቀቱን የት እንደምወስደው እኔ አውቃለሁ።»

ሜትሮ ሜትሩን ከአንድ ጣት ወደ ሌላ ጣት አዛወረ። ወረቀት አላመጣም።

መርፌ መኪናዋን በሁለት እጇ ያዘችና ጎተተችው። የብረቱ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲሳብ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሁለት እርምጃ ጎትታ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ደግሞ ጎተተች። ያኔ ነው የተነሳሁት። ከሌላው ጫፍ ያዝኩላትና ወደ ቦታው መለስነው። ከዚያ የራሴን መኪና ከነበረበት አንስቼ ክርኖቻችን እስኪነካኩ ድረስ ከእሷ ጋር አጋጠምኩት። ይቅርታዬ ይኼው ነበር፤ ሌላ ቃል አልተናገርኩም።

መርፌ ግን ገና አልጨረሰችም። በአዳራሹ መሐል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ከመካከላችሁ ለዚህ በሽታ የተመረመረች ማናት? እጇን ታውጣ።»

አንድ እጅ አልወጣም።

«እንግዲያው እዚህ ቤት ያለችበትን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እኔ። እናንተ ገና አላወቃችሁም። ኩባያዬን አትፍሩ፣ ኩባያ አያስተላልፍም። የምትፈሩት ደም ከሆነ እውነታችሁን ነው። ስለዚህ መርፌ አንዋዋስ፤ ጣቷ የተወጋች ወዲያው ታጥባ በፕላስተር ትሸፍን። ይህ ለእኔ ደም ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ደም ነው። ሌላ ጥያቄ ያላት?»

ካውያ ክፍል ውስጥ እንፋሎት ፉጨቱን ለቀቀ። የጎረቤታችን ልጅ በሩ ላይ ቆማ ፊቷ ቀልቷል። ከሁሉም የምታንሰው እሷ ነበረች፣ ከሁሉም ቀድማ የተናገረችውም እሷ ሆነች። «ምርመራው ያማል?» አለች።

«ካንቺ ምላስ ያነሰ» አለቻት መርፌ፤ ሳቅ አዳራሹን ሞላው። ሁሉም ወዳጅ ሆነ ማለቴ አይደለም። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር አልበሉም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ግን በሁለትና በሦስት እየሆኑ ጤና ጣቢያ ይሄዱ ጀመር፤ የምን ምርመራ ሊያደርጉ እንደሄዱ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ የተላከው ደሟ ቫይረሱ እንደበረከተ አሳየ፤ ከሰባተኛ ወሯ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ኪኒን ትውጥ ጀመር። ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በዚያው በፈሩት ኩባያዋ።

ከባዱ ነገር ክትባቱ ሆነ። አዋላጇ ነርስ ድምፅዋ የማይሰማ ቀጭን ሴት ናት፤ ነገሩን ነጭ ነጩን ነገረችን። ክትባቱ ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ግን እዚህ ልጅ ሲወለድ እምብዛም አይሰጥም፣ ቁልፉም የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ነው። ወደ እሱ ሄድን። ወጣት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት በመስመር ደርድሯል።

«እኛ ጋ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ይጀምራሉ» አለን። «አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። ለአንድ ልጅ ብዬ ከፍቼ ቀሪው ቢበላሽ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ቫይረሱ በምወልድበት ሰዓት ነው የሚተላለፈው» አለች መርፌ። «በስድስተኛው ሳምንት ብትወጋልኝማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

«መመሪያ…»

«በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚለው መመሪያ ከኋላህ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ላንብብልህ?»

ዞር ብሎ አየ። እውነትም ተለጥፏል፤ ግማሹን የቀን መቁጠሪያ ሸፍኖታል። ነርሷ በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ፣ ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላም ቅዝቃዜው ከተጠበቀ ለቀናት እንደሚያገለግል አስታወሰችው። መርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስልክህን ጻፍልኝ። እሑድም ብወልድ የምደውልበትን። እስክትጽፍ እዚሁ ነኝ፤ ኮሌታዬን ይዤ መጥቻለሁ።» ከቦርሳዋ ያልተጨረሰ ኮሌታ አውጥታ በእጇ መስፋት ጀመረች። አሥራ አንድ ኮሌታ ሰፍታ ነው ስልኩን የጻፈላት። ነርሷም የክትትል ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሲወለድ ወዲያው ክትባት» ብላ ጻፈችበት፣ አሰመረችበት።

እሑድን የጠራችው ለምሳሌ ነበር። ሆዷ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን እሑድን ቃል በቃል ወሰደችው። ምጡ ጠዋት መጣ፤ ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ገደማ ሴት ልጅ ተወለደች። ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ ወርዶ፣ ገና ሳትታጠብ ቡጢዋን ጨብጣ ትጮህ ነበር። «አባቷን አይደለም የወጣችው» አለ ወንድሜ እያለቀሰ።

መርፌ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር «ስንት ሰዓት ነው?» ነበር።

የኃላፊው ስልክ ተዘግቷል። ነርሷ ደጋግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። የማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ጡብ ያክላል። ወንድሜ «በሩን ልነቅለው እችላለሁ፣ ሥራዬ ነው» ሲል ነርሷ እንዳይነካው ለመነችው። እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ያኔ እናቴ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተነሳች።

ከዚያ የምስር ቀን ወዲህ እናቴ ብዙ አታወራም ነበር። ተነስታ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ከተተችና ነርሷን «ቤቱ የት ነው?» አለቻት። ነርሷ ሰፈሩን ነገረቻት። «ነዪ» አለችኝ እናቴ፣ ወጣን።

አውቶቡስ ጠበቅን፣ ሁለት ዳገት ወጣን። እናቴ ጉልበቷን ትታመማለች፤ ያን ቀን ግን እኔ ነኝ ከኋላ የቀረሁት። ሰማያዊ በር አንኳኳን። ኃላፊው በቁምጣ፣ እጁ የልብስ ሳሙና አረፋ ሆኖ ወጣ።

«ልጄ» አለችው እናቴ፣ «የልጅ ልጄ ተወልዳለች።»

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ፤ ዛሬ ግን እሑድ ነው። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እገባለሁ…»

«ነገ ጠዋት ብዙ ሰዓት ባክኗል። ደግሞ ልጅቷ እሑድ መሆኑን አታውቅም፤ ቫይረሱም አያውቅም።» እናቴ ቫይረስ የሚለውን ቃል ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። «ስማኝ። እኔ ልጅ ስወልድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሚወጋውም መድኃኒት አልነበረም። ሳላውቅ ምን እንዳወረስኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ፣ መድኃኒቱም ያለው አንተ እጅ ነው። ቁልፉን ይዘህ ትመጣለህ ወይስ አንተን ከነልብስ ማጠቢያህ ይዤህ ልሂድ?»

ሰውዬው እጁን ቁምጣው ላይ ጠረገ። እናቴን አየ፣ እኔን አየ። «ሱሪ ልልበስ» አለ።

ስንመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። በሩ ተከፈተ፣ ማቀዝቀዣው ተከፈተ፣ ነርሷ ትንሿን ብልቃጥ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባች። ልጅቷ ጭኗ ላይ ስትወጋ የለቀቀችው ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማል። መርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገለጠችውና በክፍሉ ውስጥ ለተኙት ሦስት ወላዶች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እናንተ! እኔ የጉበት ቫይረስ አለብኝ፤ ልጄን ያስወጋሁት ለዚያ ነው። ክትባቱ ግን የእኔ ዓይነት እናት ላላት ብቻ አይደለም፣ ለማንም ሕፃን ነው። ብልቃጡ ተከፍቷል። አስወጉ!»

እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በሩ አጠገብ የተኛችው ወላድ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መሐል ያለችው ግን ነርሷን በእጇ ጠራች። «የኔንም» አለች። ቀጥሎ ሦስተኛዋ። በመጨረሻ ፊቷን ያዞረችው ራሷ፣ ሳትዞር፣ ሕፃኗን በአንድ እጇ ዘረጋች። አራት ሕፃናት በአንድ ላይ ሲያለቅሱ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የቀረው ስድስት ነው» አለ ለነርሷ፤ «ነገ ለሚወለዱት አስቀምጪው።»

መርፌ ልጇን አጠባች። እናቴ «ወተቱስ?» ብላ ነርሷን በሹክሹክታ ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ፤ ነርሷ «ጡት ታጥባት፣ ምንም አይደል» አለቻት። እናቴ ሄዳ የመርፌን ትራስ አስተካከለችላት። «በደንብ ያዣት፣ አንገቷን» አለቻት። በሁለቱ መካከል ይቅርታ የሚመስል ነገር ቢኖር ይኼ ነበር።

ልጅቷ በስድስተኛው ሳምንት ቀጣዩን ክትባት ልትወጋ ስትሄድ እናቴ አብራ ሄደች። ከመመለሳቸው በፊት እናቴ «ቆዩኝ» ብላ ደም የሚቀዳበት ክፍል ገባች፤ ስትወጣ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ነበር። ውጤቷን አልነገረችንም። አንድ ቀን ላውጣጣት ስል መርፌ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። «ተያት» አለችኝ በኋላ። «የእሷ ደም ነው። ስትፈልግ ትነግረናለች፣ ካልፈለገች አትነግረንም።» ወንድሜና መርፌ ክትትላቸውን አላቋረጡም። እኔ ነፃ ሆኜ ተገኘሁና ሦስቱንም ክትባት ተወጋሁ።

ልጅቷ ዓመት ሲሞላት ደሟ ተመረመረ። ጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ አምስታችን ቆመን፣ አራታችን ትንፋሻችንን ይዘን፣ አንዷ የአባቷን ጆሮ እየጎተተች። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። መርፌ ተቀበለችና አነበበችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ከታች እስከ ላይ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

መርፌ ወረቀቱን ለአማቷ ሰጠቻት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ገልብጣ ያዘችው።

«ምን ይላል?»

«የለባትም ይላል፣ እማማ።»

እናቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ የምታነበው ይመስል።

«ድገሚልኝ።»

«የለባትም።»

«ጮክ በይ እንጂ» አለች እናቴ። መርፌም በዚያ መተላለፊያ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዘወር እስኪል ድረስ፣ ጮክ ብላ ተናገረችው።